ቁልቁለት ላይ የሚቆም ኡራል

ሃያት ከአሮጌው የኡራል ጭነት መኪና ሆድ ሥር ተንሸራታ ስትወጣ ፊቷ ላይ ከጥርሷ በቀር ነጭ ነገር አልነበረም፤ ጥርሷ ግን እስከ መንጋጋዋ ይታይ ነበር። በእጇ የውሃ ፕላስቲክ ይዛለች። ከጎማው ወደ ፕላስቲኩ የሚወርደው ቀጭን ቱቦ ከጤና ጣቢያ የተለመነ የግሉኮስ ላስቲክ ነው። ጠዋት በዚያ ላስቲክ ሲወርድ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ አረፋ ይተፋ የነበረው የፍሬን ዘይት አሁን እንደ ቀጭን ሻይ ጠርቷል፤ አንዲት አረፋ አይታይበትም። ፕላስቲኩን ወደ ፀሐይ አንስታ አየችው፤ አዙራ አየችው፤ አላስቻላትም፤ ጋቢና ውስጥ የፍሬኑን ፔዳል ሲረግጥላት ለዋለው ታላቅ ወንድሟ ለተውፊቅ በመስኮት አቀበለችው።

ተውፊቅ ከስልኩ ቀና ሳይል ጥሩ ነው አላት። ጥሩ ነው! ሰው ሙሉ ቀን ከመኪና ሥር ተጋድሞ፣ ከስድስቱም ጎማ የፍሬን ቱቦ አየር አስወጥቶ፣ እሷ ከመወለዷ በፊት የሞተ ፍሬን አስነስቶ ሲመጣ ጥሩ ነው አይባልም። ግን ተውፊቅ ነው፤ ቤት ቢቃጠል እሳቱን በቪዲዮ ቀርጾ ነው የሚወጣው። ሃያት ቂም አልያዘችበትም፤ ደስታዋ ለቂም ቦታ አልተወም። ጋቢናው ላይ ዘላ ወጥታ ወንድሟን ገፋ አደረገችው፣ ሞተሩን አስነሳች፣ ትንሽ ወደ ፊት አንቀሳቅሳ ረገጠችው። ኡራሉ አፍንጫውን ደፍቶ ቀጥ አለ። የጭነት ሣጥኑ ላይ ሰፍረው የኖሩት ዶሮዎች እየተንጫጩ ግቢው ውስጥ ተበተኑ።

ኡራሉ የወታደር መኪና ነው። ደርግ ሲወድቅ፣ ነገሌ የነበረው ጦር ሲበተን፣ ባለቤት አጥተው ከቀሩት አንዱ ነበር። ከዓመታት በኋላ አባቷ ሃጂ ዓብዱልወሃብ በጨረታ ገዙት። የገዙት ግን ሊነዱት አይደለም፤ ጎማውን ፈልገው ነው። ጎማው ተሸጠ፣ ሬሳው ከሱቃቸው ጓሮ ግራሩ ሥር በድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሃያት መሪውን እያዞረች፣ በአፏ ሞተር እያስነሳች ያደገችው እዚያ ውስጥ ነው። ቴክኒክና ሙያ ገብታ አውቶ መካኒክ ስትማር፣ ከዚያም ሐዋሳ ጋራዥ ስትሠራ፣ ሌሎቹ የሚያልሙት የቤት መኪና ሲሆን እሷ የምታልመው ያንን የዶሮ ቤት ነበር። ኡራሉን አስነስታ ከነገሌ ሞያሌ ጭነት ልታመላልስ፣ ሌላው መኪና በጭቃ ሲያዝ እሷ አልፋ ልትሄድ። ላም አለኝ በሰማይ ነው ብለው ሳቁባት። ሞተሩ ሲነሳ ሳቁ ቀነሰ። ጎማ ሲገባለት ጨርሶ ጠፋ። የቀረው ፍሬኑ ብቻ ነበር።

ሃጂ ደግሞ አጥብቀው የያዙት የፍሬኑን ነገር ነው። ነገሩ የስስት አይደለም፣ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ያኔ ጦሩ ሲበተን ታላቅ ወንድማቸው ዓብዱሰመድ ዕቃውን ጭኖ ልክ እንዲህ ባለ የወታደር መኪና ወደ ዳዋ ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬን እምቢ አለው። መኪናው ከመታጠፊያው ወጣ፣ ዓብዱሰመድም ከዚያ አልተመለሰም። ሃጂ ኡራሉን ገዝተው ጓሯቸው ሲያስቀምጡ እንኳ አንድ ቀን ጋቢናው ውስጥ አልገቡም። ሴት ልጃቸው ልንዳው ስትላቸው መልሳቸው አጭር ነበር። በዳዋ ቁልቁለት ወርዶ ሲፈለግ ከቆመ ያንቺ ነው፤ ካልቆመ የሰማታር ነው።

ሰማታር ከሞያሌ የመጣ የውዳቂ ብረት ነጋዴ ነው። ሰፊ ሆድ፣ ሰፊ ሳቅ አለው፤ ፒክአፑ ላይ ብረት መቁረጫውንና የጋዝ ሲሊንደሩን ጭኖ ሳምንቱን ሙሉ ነገሌ ውስጥ ሲዞር ሰነበተ። ኡራሉን በጠመኔ አስምሮበታል፤ እዚህ ጋ ይቆረጣል፣ እዚያ ጋ ይሰነጠቃል። ሃያት ትሰርዘዋለች፣ እሱ እየሳቀ እንደገና ያሰምራል። አርብ ሶላት ሰግጄ እሄዳለሁ ብሏል። ስለዚህ ፈተናው ሐሙስ ሆነ።

ሐሙስ ጠዋት ሃያት ኡራሉን ከግቢ አወጣችው። የገበያው መንገድ ሞልቶ ነበር። ከየሱቁ በራፍ ሰው ወጣ፤ ጫት ሻጮቹ ከነዘንቢላቸው ብድግ አሉ። አባቷ ባጃጅ ተከራይተው ከኋላ ይከተላሉ፤ ከባጃጁ ኋላ ሰማታር በፒክአፑ ይመጣል። ከኋላ ሆኖ ሬሳ የሚሸኝ ይመስላል። ተውፊቅ ከሃያት ጎን ተቀምጦ ይቀርጻል።

ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ረገጠችው፤ ቆመ። መስጊዱ ጥግ ላይ ረገጠችው፤ ቆመ። አህያ ጋሪ ሳይታሰብ ከጎን ሲገባባት ረገጠችው፤ ኡራሉ ከጋሪው ክንድ ያህል ርቆ ቀጥ አለ። ባለ ጋሪው ኮፍያውን አንስቶ ሰላምታ ሰጣት፤ ሰዉ አጨበጨበ፤ አንዲት ሴት እልል አለች። ሃያት በሕይወቷ እንደዚያች ሰዓት ተደስታ አታውቅም። መሪውን ይዛ ትስቃለች፣ ለተውፊቅ አየህ አየህ ትለዋለች፣ ለራሷም አየሽ ትላለች።

ከዚያ ኡራሉ መክበድ ጀመረ።

መጀመሪያ ሞተሩ የደከመ መሰላት። ነዳጅ ጨመረችለት። ሄደ፣ ግን እየተጎተተ ነው። ማርሽ ቀነሰች። የሚያር ነገር ሸተታት። በጎን መስታወት ስታይ ከኋላ ጎማዎች ጭስ ይወጣል። እግሯ ከፍሬኑ ላይ የለም፤ ዝቅ ብላ አየችው፤ የለም። ኡራሉ ግን ማንም ሳይረግጠው፣ ከከተማው መውጫ ላይ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ መንገዱን በሰያፍ ዘግቶ ቆመ። ነዳጅ ብትሰጠው አገሳ እንጂ ንቅንቅ አላለም። ከኋላ አውቶቡስ ጥሩምባ ነፋ። አህዮች ተከማቹ።

ሃጂ ዓብዱልወሃብ ከባጃጃቸው ወርደው ሽርጣቸውን እያስተካከሉ መጡ። ኡራሉን ዞረው አዩት። አልተቆጡም፤ እንዲያውም እፎይ ያሉ ይመስሉ ነበር፤ ሃያትን ያናደዳትም ይኸው ነው።

«ያልኩሽ ቁልቁለቱ ላይ እንዲቆም ነው» አሏት። «እዚህ መቆሙማ ምን ይገርማል፤ ጓሮም ቆሞ አልነበር?»

ሰዉ ሳቀ። ሰማታርም ሳቀ፤ ከኪሱ ጠመኔውን አውጥቶ በጣቶቹ መሃል አሽከረከረው። ምክር ደግሞ እንደ ዝንብ መጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ትናንት የት እንደነበረ የማይታወቅ ሰው ሁሉ ዛሬ መካኒክ ሆነ። አንዱ ጎማው ነው አለ፣ አንዱ ዓይን በልቶታል አለ፣ አንዱ ሴት ልጅ ስትነዳው ተናድዶ ነው አለ። ሃያት ለማንም አልመለሰችም። ቢመልሱ ማቆሚያ የለውም። ለጎማዎቹ ከፊትና ከኋላ ድንጋይ ታኮ አደረገች፣ ከመቀመጫው ሥር የብሎን መፍቻዋን አወጣች፣ ሥር ገባች።

ሥር ስትገባ ዓለም ጸጥ ይላታል። አስፋልቱ ጀርባዋን እያቃጠለ አሰበች። የኡራል ፍሬን አሠራሩ ግልጽ ነው፤ የታመቀ ነፋስ ዋናው ፖምፓ ውስጥ ያለውን ዘይት ይገፋል፣ ዘይቱ በቀጫጭን የብረት ቱቦዎች ሄዶ በየጎማው ያለውን ሸራ ይገፋል፣ ሸራው ጎማውን ይይዛል። እግር ሲነሳ ዘይቱ ይመለሳል፣ ሸራው ይለቃል። እግሯ ተነስቷል፣ ሸራው አልለቀቀም። እንግዲህ ዘይቱ አልተመለሰም ማለት ነው።

ይህን ለማየት አንድ መንገድ አለ። ከኋላ ጎማ አየር የምታስወጣበትን ብሎን ሩብ ዙር ፈታችው። ዘይቱ ፊን ብሎ ተተፋ፣ ጉንጯን መታት፣ ኡራሉ ጓ ብሎ ታኮው ላይ ተደገፈ። ለቀቀ። ሰዉ ወደ ኋላ ሸሸ፣ ሃያት ከሥር ሳቀች። ብሎኑን ዘግታ ተውፊቅን አንድ ጊዜ ረግጠህ ተው አለችው። ረግጦ ተወው፤ ጎማዎቹ እንደተያዙ ቀሩ። የሚሄድ ዘይት አለ፤ የሚመለስ ግን የለም።

ዋናው ፖምፓ ውስጥ ዘይቱ የሚመለስባት አንዲት ቀዳዳ አለች፤ ከመርፌ ዓይን ብዙም አትሰፋም። እሷን ምን ደፈናት? ሃያት ፖምፓውን ፈትታ አወረደችው፣ መንገዱ ዳር ግራር ጥላ ሥር ንጹሕ ጨርቅ ዘርግታ ከፈተችው። ከውስጡ ጎሚኒዎቹ ወጡ፤ ዘይት ወደ ኋላ አላሳልፍ የሚሉት የጎማ ቀለበቶች ናቸው። ትናንት ጠዋት ስታስገባቸው ልክ በልክ የነበሩት አሁን ውሃ ውስጥ እንዳደረ ባቄላ አብጠዋል። ቀዳዳዋን የደፈኗት እነሱ ናቸው። አንዱን በጣቶቿ ጨመቀችው፤ ልፍስፍስ ብሏል። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

ቅቤ ቅቤ ይላል።

ተሳስቻለሁ ብላ እንደገና አሸተተችው። ቅቤ ነው። የላም ቅቤ፣ ትንሽ የጨሰ፣ ከወተት ዕቃ የወጣ የቆላ ቅቤ። ቀና ስትል ከሰዉ መሃል አዴ ሚልኪ በትራቸውን እየተመረኮዙ ሲመጡ አየች።

አዴ ሚልኪ የጉጂ ሴት ናቸው፤ የነሃያት ጎረቤት፤ ዕድሜያቸውን እሳቸውም አያውቁት። በዚያ ሰፈር አዲስ ነገር ቤት ሲገባ፣ ልጅ ሲወለድ፣ ላም ስትወልድ፣ አዲስ በር ሲተከል አዴ ሚልኪ ቅቤ ይዘው መጥተው ግንባሩን ሳይቀቡና ሳይመርቁ ነገሩ ተጀመረ አይባልም። ሃያትንም በተወለደች ጊዜ የቀቧት እሳቸው ናቸው። እስላሙም ክርስቲያኑም በዚህ ጉዳይ አይከራከራቸውም።

«አካም ቡልቴ፣ ኢንታላ ኮ፤ እንዴት አደርሽ ልጄ» አሉ። «ምን ሆነ? ለምን ቆመ? እኔ እኮ በደንብ ነው የቀባሁት።»

ሃያት ዞር ብላ ተውፊቅን አየችው። ተውፊቅ፣ አላህ ይይለት፣ ያኔ ነው ከስልኩ ቀና ያለው፤ ጆሮው ድረስ ቀላ።

ነገሩ ወጣ። ትናንት ጠዋት ሃያት አዲሶቹን ጎሚኒዎች ጨርቅ ላይ ደርድራ፣ እስክመለስ ፍሬን ዘይት ውስጥ ንከርልኝ ብላው መፍቻ ልትዋስ ወጣ ብላ ነበር። አዴ ሚልኪ በዚያች ቅጽበት መጡ። ሊመርቁ ነው የመጡት፤ ግን የመኪና ግንባሩ የቱ ነው? መኪናውን የሚያቆመው፣ ነፍስ የሚያድነው የቱ ነው ብለው ጠየቁ። ተውፊቅ ስልኩን እያየ በአገጩ ወደ ጨርቁ አሳያቸው። እሳቸውም ተቀምጠው፣ አንዱንም ሳይዘሉ፣ ጎሚኒ በጎሚኒ፣ እየመረቁ ቀቧቸው። ሃያት ስትመለስ አብረቅርቀው ስታያቸው ወንድሜ አንድ ቀን እንኳ ሥራ ሠራ ብላ ገጠመቻቸው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ቅቤ ለላም ነው፣ ለጸጉር ነው፣ ለሙሽራ ነው። ለፍሬን ጎሚኒ መርዝ ነው። ሃያት ይህን በአንድ ትንፋሽ ልትናገረው አፏን ከፍታ ነበር። ከዚያ አዴ ሚልኪ ጨርቁ ላይ ያለውን ያበጠ ጎማ፣ ቀጥሎም እሷን ሲያዩ ገጽታቸው ተለወጠ፤ ነገሩ ገባቸው።

«ዳዳው ነው?» አሉ ቀስ ብለው። «ቅቤዬ ነው የያዘው?»

በዚያ አገር የተቀባን የምርቃት ቅቤ መጥረግ ምን ያህል ነውር እንደሆነ የማያውቅ የለም። ሃያትም ታውቃለች፤ ግን የሚያሳዝናት ምርቃቱ ብቻ አልነበረም። እኚያ ሴት በትር ተመርኩዘው እስከ እነሃያት ጓሮ የሄዱት፣ ልጅቷ መንገድ ላይ እንዳትሞትባቸው ፈልገው ነው። ቁጣዋ የት እንደሄደ ሳታውቀው ጠፋ።

«አዴ፣ ቦታውን ነው የተሳሳቱት» አለች። «ተውፊቅ ነው ያሳሳተዎት። መኪናውን የሚያቆመው ጎማ አይደለም። እኔ ነኝ።»

ሻሿን ወደ ኋላ አሸሽታ ተንበረከከችና ግንባሯን ሰጠች። አዴ ሚልኪ ከጉያቸው ትንሿን የቅቤ ዕቃ አወጡ፤ አሁንም ይዘዋት ነው የመጡት። ግንባሯን ቀቡት፤ ከግንባሯ አልፎ ጸጉሯ መነሻ ድረስ፣ ያልተሰሰተ ቅቤ። መረቋት። ሂጂ፣ ናጋ ሂጂ፣ ናጋ ተመለሺ፣ በሰላም ግቢ፣ ስትዪው ይቁም፣ ስትዪው ይሂድ አሉ። ቅቤው በፀሐዩ ቀልጦ ከጥቀርሻዋ ጋር እየተቀላቀለ በቅንድቧ ወረደ።

ደስ ይላል፤ ግን ጎሚኒው አሁንም አብጧል። ሌላ ጎሚኒ ነገሌ ውስጥ የለም። ያንንም ያገኘችው ሐዋሳ ያሉ የድሮ ባልደረቦቿ ፈልገውላት ነው። ሃጂ ሰዓታቸውን አዩ። ሃያት ያበጠውን ጎማ በመዳፏ ይዛ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ልታለቅስ ደረሰች። ኡራሉ ነገ በእሳት ሲሰነጠቅ ታያት፤ እሷ ደግሞ ሱቅ ውስጥ ስኳር ስትመዝን።

ጠመኔውን ሲያሽከረክር የነበረው ሰማታር ነው የተነቃነቀው። ወደ ፒክአፑ ሄደ። ሲሊንደሩን ገፋ አደረገና ከሥሩ የብረት ሣጥን ጎተተ፤ ሣጥኑን ገልብጦ ሲያንኳኳ ቆየ፤ በመጨረሻ በሰም ወረቀት የተጠቀለለ፣ የሩሲያ ፊደል የተጻፈበት ነገር ይዞ መጣ። ሌላ ኡራል ሲቆርጥ የመለዋወጫ ሣጥኑ ውስጥ ያገኘው ነው፤ ሞያሌ ለሚጠይቀው ሰው ሊሸጠው ያስቀመጠው። ወረቀቱን ሲቀዱት ጎሚኒዎቹ ጥቁር፣ ጠንካራ፣ ንክኪ የማያውቁ ሆነው ወጡ። ሃያት ለካቻቸው፤ ልክ ናቸው። ሰማታርን አንገቱን አቅፋ ልትስመው ምንም አልቀራት፤ አባቷ ስላሉ ተወችው።

ሃጂ ተገረሙ። ሰማታር፣ ብረትህን አልፈለግህም እንዴ አሉት።

«ሃጂ፣ በድን ነው ብዬ ነበር የመጣሁት» አለ ሰማታር። «ሲከፍቱት ግን ፊቷ ላይ ተፋባት። በድን አይተፋም። እኔ በሕይወት ያለ ነገር አልቆርጥም፤ ሞያሌ ስትመጣ ምሳ ትጋብዘኝና እንጨርሰው።»

ከዚያ በኋላ የሆነው ሥራ አልነበረም፤ ድግስ ነበር። ፖምፓውንና ቱቦዎቹን ከቅቤው ማጠብ ያስፈልጋል፤ በውሃ አይሆንም፣ በነዳጅም አይሆንም። አንዱ አረቄ አመጣለሁ አለ። ሃጂ በእኔ መኪና አረቄ አይገባም ብለው ቆጣ አሉ፤ በእኔ መኪና ማለታቸውን ሃያት ሰማች፤ እሳቸው የሰሙት አይመስልም። አረቄው ውሃ ስለሚበዛበትም አይሆንም ብላ ነገሩን አበረደችና ተውፊቅን ፋርማሲ ላከችው። ተውፊቅ በሕይወቱ ሮጦ አያውቅም፤ ያን ቀን ሮጠ። ባጃጁ እያለ በእግሩ ሮጠ። የቁስል አልኮሉን በሁለት እጁ አቅፎ ተመለሰ፤ ስልኩን የት እንዳስቀመጠውም አላስታወሰም።

ታጠበ፤ ደረቀ፤ ጎሚኒዎቹ በፍሬን ዘይት ተነክረው ገቡ፤ ፖምፓው ተመልሶ ታሰረ። አሁን የቀረው እንደ ትናንቱ ከስድስቱም ጎማ አየሩን ማስወጣት ነው። አንድ ሰው ከላይ ይረግጣል፣ አንድ ሰው ከሥር ይከፍታል፣ ይዘጋል። የሚረግጠው ሰው ከሥር ሳይነገረው እግሩን ካነሳ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል፤ ድካሙ ሁሉ ውሃ መውቀጥ ይሆናል። ተውፊቅ ወደ ጋቢናው ሲያመራ ሃያት በዓይኗ ያዘችው፤ ቆመ። ብዙ ሰው እጁን አወጣ። ሃያት ከአንዱ ወደ አንዱ እያየች ሳለ ከጎኗ ድምፅ መጣ።

«እኔ እይዘዋለሁ» አሉ ሃጂ ዓብዱልወሃብ።

ሰው ሁሉ ያውቃል ብያለሁ፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀላቸው። ሃጂ ወደ ኡራሉ ሄዱ። ጫማቸውን መወጣጫው ላይ አወለቁ፤ ለምን እንዳወለቁ እግዜር ይወቀው፤ ሽርጣቸውን ሰብስበው፣ ቢስሚላህ ብለው ጋቢናው ውስጥ ገቡና መሪውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። መሪው የሚያመልጥ ይመስል። ሃያት ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ ቶሎ ብላ ሥር ገባች። ከፖምፓው ከሚርቀው የኋላ ቀኝ ጎማ ጀመረች።

«ይርገጡ፣ አባ።»

«ረገጥኩ።»

«ይያዙ።»

«ይዣለሁ።»

ብሎኑን ስትፈታ ዘይቱ በግሉኮሱ ላስቲክ አረፋ እያንጠባጠበ ወረደ። ዘጋችው። ይልቀቁ አለች። ደግማ ይልቀቁ አለች። ፔዳሉ እንደተያዘ ነው።

«ብለቀው አያመልጥም?» አሉ ከላይ።

ነጋዴ ናቸው፤ ከከተማው በዋጋ ክርክር የሚረታቸው የለም። ያ ድምፅ ግን የነጋዴ አልነበረም። ሃያት እስከ ጋቢናው ሥር ተስባ ሄዳ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ የጋቢናውን ወለል ከሥር በመዳፏ መታ መታ አደረገችው።

«ዘግቼዋለሁ፣ አባ። እዚህ ነኝ። ይልቀቁ።»

ፔዳሉ ተንፍሶ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ አባትና ልጅ አንድ እጅ ሆኑ። ይርገጡ፣ ረገጥኩ፣ ይያዙ፣ ይዣለሁ። ከአንዱ ጎማ ወደ አንዱ ሲሄዱ ሰዉም አብሮ ማለት ጀመረ፤ የአውቶቡሱ ተሳፋሪዎች በመስኮት ወጥተው ይርገጡ ይላሉ፤ አዴ ሚልኪ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በበትራቸው አስፋልቱን ይመታሉ። አረፋው አነሰ፣ ተቆራረጠ፣ ጠፋ። በመጨረሻው ጎማ ዘይቱ ጥርት ብሎ ሲወርድ ሃያት ዘጋችው፤ ጨርሰናል ብላ ከሥር ወጣች። አባቷ ረግጠው ለቀቁ፤ ያዘ፣ ለቀቀ። ደግመው ረግጠው ለቀቁ፤ ያዘ፣ ለቀቀ። የዚያ ቀን ጭብጨባ ገበያ ድረስ ተሰምቷል ይላሉ፤ ነገሌ ትንሽ ማጋነን ታውቃለች።

ሃያት ታኮዎቹን አነሳች፤ ሃጂ ግን ከጋቢናው አልወረዱም። ወደ ጎን ተጠግተው መሪውን ለልጃቸው ለቀቁላትና ወደ ፊት፣ ወደ ቁልቁለቱ፣ በአገጫቸው አሳዩዋት።

ቁልቁለቱ ቀይ ነው፤ በስተቀኝ ገደል፣ በስተግራ የግራር ጫካ። ከኋላ የሰማታር ፒክአፕ አዴ ሚልኪንና የቻለውን ሰው ሁሉ ጭኖ ይከተላል። ሃያት አናቱ ላይ አቆመችው፣ ለቀቀችው። ትንሽ ወርዳ አቆመችው፣ ለቀቀችው። ጎማዎቹ አይግሉም፤ ጭስ የለም። ደስታዋ ሊያፈነዳት ነው፤ ወደ አባቷ ዞር ስትል ግን እጃቸው የበሩን መያዣ ጨምድዶ ይዟል፤ ዓይናቸው መታጠፊያው ላይ ነው። እዚህ አቁሚ አሏት። አቆመች። ዓብዱሰመድ ከዚህ ነው የሄደው አሉ። ከዚያ በሩን ከፍተው ወረዱና ስጠራሽ ነይ አሏት።

ቁልቁል ሄዱ። ራቁ። መታጠፊያው አፍ ላይ ሲደርሱ መሃል መንገድ ላይ ቆመው ዞሩ፤ እጃቸውን አንስተው ነይ አሏት።

ሃያት መጀመሪያ አልገባትም። ፊታቸው ድረስ ወርዳ እንድታቆመው መፈለጋቸው ሲገባት ጥሩምባ ነፋች፤ አልተነቃነቁም። በመስኮት ወጥታ በአላህ ብላ ለመነቻቸው፤ እጃቸውን ብቻ ደግመው አነሱ። አለመሄድ ትችላለች። ግን ካልሄደች ፍሬኑን አላምነውም ማለቷ ነው፤ እሳቸውም ይህን ያውቃሉ፣ እሷም እንደሚያውቁት ታውቃለች። ለቀቀችው።

ኡራሉ በራሱ ክብደት ወረደ። ሽርጣቸው በነፋስ ሲውለበለብ ታያለች። ከዚያ ፊታቸውን አየች። ረገጠች። ነፋሱ ጮኸ፣ አፍንጫው ተደፋ፣ አቧራው ከኋላ መጥቶ መኪናውን አለፈው፤ ቆመ። የኡራል ግንባር ረጅም ነው፤ ከመሪው ላይ ሆና አባቷን ልታያቸው አልቻለችም። በሩን እንዴት እንደከፈተችው አታስታውስም፤ ዘላ ወርዳ ዞረች።

ሃጂ ዓብዱልወሃብ ቆመዋል። መዳፋቸው የኡራሉ ፍርግርግ ላይ አርፏል፤ ክንዳቸውን እንኳ አልዘረጉም። በዓይናቸው የሞላው እንባ ጢማቸው ላይ ይወርዳል፤ አልጠረጉትም።

ሃያት ጮኸችባቸው። ከተወለደች ጀምሮ አንቱ ብላ የጠራቻቸውን አባቷን እንደ እኩያዋ ጮኸችባቸው፤ አብደሃል፣ ብትሞትብኝስ፣ ብገድልህስ፣ ማን ቁም አለህ አለቻቸው፤ ደረታቸውን በጡጫ መታች፣ አለቀሰች፣ ቅቤና ጥቀርሻ ነጭ ሸሚዛቸው ላይ አበሰች። ጠበቋት። ትንፋሿ እስኪያጥራት ድረስ ጠበቋት።

«ጨረስሽ?» አሉ። ወደ ጋቢናው ሄደው መወጣጫው ላይ አንድ እግራቸውን አደረጉ። «በይ ነይ ንጂ። ሞያሌ ሩቅ ነው።»